አሥራ አምስተኛው ቁጥር

የሰሌን ተራ መረዳጃ እድር ባሕር መዝገብ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ይመዝናል። የመዘንኩት በጋሼ ባህረዲን ሱቅ፣ ሚስማር በሚመዘንበት ሚዛን ነው። ክብደቱ ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም ነበር፤ አንድን ሰነድ ከማንበቤ በፊት መለካትና መመዘን ለምዶብኝ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምሯችሁ በኪሎ ነው እንዴ?» አሉኝ ጋሼ ባህረዲን።

ኅዳር 1992 ዓ.ም. ነበር። ጋሼ ባህረዲን የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ናቸው፤ የእድሩም ዳኛ። እድሩ ጥር ላይ ሃምሳ ዓመት ስለሚሞላው አንዲት ትንሽ መጽሔት እንድትታተም፣ የመሥራቾቹም ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲተከል ኮሚቴው ወስኗል። እኔ በታሪክ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። አባቴ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የራሱን ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ሰሌን ተራ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር እስከ ዛሬ የእድሩ አባል ነው። «የኛው ልጅ እያለች ለማን እንሰጣለን?» ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ «ጥር 6 ቀን 1942 ዓ.ም. እድሩን የመሠረቱ አባላት ስም» ይላል። ከሥሩ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ቁጥር የተሰጣቸው ስሞች ተጽፈዋል፤ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ አድራሻ አለ። ጽሕፈቱ ከላይ እስከ ታች የሐጂ ሙናዊር እጅ ነው። ሐጂ ሙናዊር ከ1958 ጀምሮ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ያንን ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጽሕፈት ሰሌን ተራ ውስጥ የማያውቀው የለም።

ጋሼ ባህረዲን ገጹን በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩት። የእድሩ የመጀመሪያ ዳኛ የነበሩት አባታቸው አራተኛ ላይ ነው የተጻፉት።

«ዳኛ ሆነው አራተኛ? እብነ በረዱ ላይ አንደኛ አድርጊያቸው።»

«የመዝገቡን ቅደም ተከተል መቀየር አልችልም፣ ጋሼ።»

«አንቺ ካልቻልሽ ቀራጩ ይችላል።»

ሱቁ ጥግ ላይ፣ በቀለም ጣሳዎች መካከል ጠረጴዛ ሰጡኝ። እያንዳንዱን ስም በአንድ ካርድ ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን እጄን ያቆመው አድራሻው ነው። «ቀበሌ» ይላል፤ የቤት ቁጥርም አለው። ቀበሌ የሚባል ነገር የመጣው በ1967 ነው። በ1942 የጻፈ ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ለቤቱ የሚሰጠውን ቁጥር ሊያውቅ አይችልም። ወደ ስሞቹ ተመለስኩ። አራተኛው «ሐጂ ጠሀ» ይላል። የጋሼ ባህረዲን አባት ነጭ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሐጅ ያደረጉበት ዓመት ተጽፏል፤ 1964። ስለዚህ በ1942 ሐጂ አልነበሩም። ጽሕፈቱ ሁሉ በአንድ ቢክ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሰሞን የተጻፈ ነው። ከዚህም ሌላ አሥራ አምስተኛው መስመር ላይ ቁጥሩ አለ፤ ስም ግን የለም። ይህንን ግዴለሽነት ነው ብዬ መዘገብኩት።

ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሰነድ ቢሰጠን በአምስት ደቂቃ ነው የምንጥለው። በራሴ ረክቼ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

«ጋሼ፣ ይኼ ገጽ በ1942 የተጻፈ አይደለም» አልኳቸው። ለአንድ ደንበኛ የበር ማጠፊያ እያሳዩ ነበር።

«ምን ማለት?»

«ቀበሌ ይላል፤ ያኔ ቀበሌ የለም። አባትዎንም ሐጂ ይላቸዋል፤ ያኔ ሐጂ አይደሉም።»

ደንበኛው ዞሮ አየኝ። «ሐጂ ጠሀ ሐጂ አይደሉም?»

«ያኔ ነው ያልኩት።»

«ስለዚህ ውሸት ነው» አሉ ጋሼ ባህረዲን።

«ውሸት አላልኩም። በኋላ ነው የተጻፈው ነው ያልኩት።»

«በኋላ ተሠርቶ የዱሮ ከመሰለ ምን ይባላል? እኛ ዘንድ ፎርጅድ ነው የሚባለው።»

ለዚህ መልስ ነበረው፤ እኔ ግን መልሱን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። ፈገግ ብዬ ካርዶቼን ሰበሰብኩ። ደንበኛው ማጠፊያውን ሳይገዛ ወጣ።

ይህን የተናገርኩት ሰኞ ነው። ረቡዕ ዕለት ወሬው ሸማ ተራን ዞሮ «ሐጂ ሙናዊር ፎርጅድ መዝገብ ሠርተው ተያዙ» ሆኖ አባቴ ሱቅ ደረሰ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሙናዊር ሁልጊዜ የሚቀመጡባት፣ የእድሩ ቤት በረንዳ ላይ ያለችው ወንበር ባዶዋን ዋለች። ማኅተሙንና ቁልፉን በልጃቸው በሉብና እጅ ልከዋል። ጋሼ ባህረዲን ለእሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ። እኔ ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ከዚያ ጉባኤው ጸሐፊውን ያወርዳል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ያለ ደመወዝ ሠላሳ አራት ዓመት ከሠሩት ሥራ ያተረፉት ስማቸውን ብቻ ነበር፤ እሁድ የሚወሰድባቸውም እሱው ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ሱቅ ውስጥ ሳለሁ አንዲት አሮጊት እሱን ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ሃና አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እግዜር ይስጥሽ። ሀያ ሁለት ዓመት ስናገር ሰሚ አጣሁ፤ አንቺ በሦስት ቀን አወጣሽው።»

እትዬ ሠርኬ ይባላሉ። ራጉኤል በር ላይ ጧፍና ጥላ ይሸጣሉ። ባላቸው አቶ አገኘሁ ከእድሩ መሥራቾች አንዱ እንደነበሩ ነገሩኝ። የመጀመሪያው የእድሩ ድንኳን የተሰፋው እሳቸው ከራሳቸው ሱቅ ባወጡት ሸራ ነው። በ1970 ጥር ላይ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ያኔ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ማልቀስ ክልክል ስለነበር ድንኳን አልተተከለም፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊም አልዞረም።

«እሱን አውቀዋለሁ፣ ዘመኑ ነው» አሉ። «ግን ስሙን ፋቅ ብሎ ሙናዊርን ማን አዘዘው? መዝገቡ ላይ ባልሽ የለም ይሉኛል። ስጠይቀው ያቀረቅራል። ሀያ ሁለት ዓመት ያቀረቅራል።»

«ፍቀት የለም፣ እትዬ። ወረቀቱን በብርሃን አይቼዋለሁ።»

«ፊቱኑ ካልጻፈ ምኑን ይፍቃል?»

ጧፋቸውን ለሰው አደራ ብለው ስለመጡ ቶሎ ተመለሱ። አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ሙናዊርን አነጋግረሻቸዋል?» አለኝ። አላነጋገርኳቸውም። የጻፈው ሰው በሕይወት እያለ፣ ያውም አሥር ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ቦታ ላይ እየኖረ፣ ወረቀቱን ብቻ ነበር የጠየቅኩት። የማጠናው ሰው ሁልጊዜ የሞተ ስለሆነ ይሆናል፤ ትዝም አላለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ቤታቸው ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችው ሉብና ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ አሟቸዋል።»

«ማናት?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ያቺ ናት። የታሪኳ።»

«ትግባ።»

ትንሽ ሬዲዮ አጠገባቸው አድርገው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እጄን ጨበጡኝ፤ ከዚያ ተቀመጪ ሳይሉ ትንሽ አቆሙኝ።

«ሰው ጠይቆ ይናገራል» አሉ። «አንቺ ተናግረሽ ልትጠይቂ መጣሽ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐጂ።»

«እሱ ኋላ። ተቀመጪ። ምንድን ነው ያስቸገረሽ?»

«ቀበሌው። በ1942 ቀበሌ አልነበረም።»

«መዝገቡ ለማን የተጻፈ መሰለሽ?»

«ለእድሩ።»

«ለኃይለየሱስ ነው፤ ለጡሩምባ ነፊው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ መቶ ሃያ ቤት የሚዞር እሱ ነው። አሮጌው መዝገብ 'ከዋርካው በታች፣ ከባልዲ ጠጋኙ ጎን' ነበር የሚለው። ዋርካውም ተቆረጠ፤ ባልዲ ጠጋኙም ሞተ። ታዲያ ቤቱን በምን ያግኘው?»

«አሮጌው መዝገብ?»

«አይጥ በላው፣ ዝናብ ገባበት። በሰባ ገለበጥኩት።»

«ግልባጭ ነው ብለው ለምን አልጻፉበትም?»

«የሚያውቁት ሁሉ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር እኮ። ለማን ብዬ ልጻፍ? ለአንቺ? አንቺ አልተወለድሽም።»

ሉብና ከበሩ አጠገብ ሆና ሳቋን ዋጠች። ደብተሬን አወጣሁ።

«ሐጂ የሚለውስ? ሐጂ ጠሀ ያኔ…»

አንድ ነውር የተናገርኩ ይመስል ትክ ብለው አዩኝ። «ስጽፈው ሰባ ነው። ሐጂ ጠሀ ከመካ ከተመለሱ ስድስት ዓመታቸው ነው። 'ጠሀ' ብዬ ልጻፋቸው? ልጃቸው ባህረዲን ቢያነበው 'ሙናዊር አባቴን አዋረደ' አይልም? ሐጅ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ የልጅነቱን ወሬ ስታወሪ እንኳ ሐጂ ነው የምትይው። አንቺ አባትሽ ሳያገባ ስላደረገው ነገር ስታወሪ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

«አባዬ ብዬ።»

«ያኔ አባትሽ ነበር?»

አልነበረም። ይህንንም ጻፍኩ።

«አሥራ አምስትስ?» አልኩ። «ቁጥሩ አለ፤ ስሙ የለም።»

ሐጂ ሙናዊር እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። ሉብና መጥታ በላዬ ቆመች።

«በቃ» አለች። «ዛሬ ይበቃቸዋል።»

ከዚያ ቤት ስወጣ መንገዱ በሰውና በጋሪ ተሞልቶ ነበር፤ እየተገፋሁ አስብ ነበር። የ1970ውን ቀበሌ ወደ 1942 ወስደዋል ብዬ ሰውየውን ስወቅስ፣ እኔ ደግሞ የ1992 ክፍሌን ተሸክሜ ወደ 1970 ገብቻለሁ። ገጹን ያነበብኩት እኔን እንዲያሳምን የተጻፈ ማስረጃ አድርጌ ነው። ገጹ ግን የተጻፈው አንድ ሰው በጨለማ የሰው በር እንዳይስት ነበር።

ቢሆንም የሚወደድ ሰው ስለነገረኝ ብቻ እውነት ነው ልል አልችልም። ቃላቸውን ማጣራት ነበረብኝ፤ የጀመርኩት ከስሞቹ ነው። አሥራ አራተኛው ሸረፋ ይባላሉ፤ መዝገቡ ላይ ሐጂ አልተባሉም። የሸረፋ ሱቅ ዛሬም ሰሌን ተራ ላይ አለ፤ ልጃቸው ነው የሚሠራበት። አባቱ መቼ ሐጅ እንዳደረጉ ጠየቅኩት። «በሰባ ሦስት» አለኝ ሳያስብ። እንግዲህ ገጹ ቀበሌ ከመጣ በኋላ፣ ሸረፋ ሐጂ ከመሆናቸው በፊት የተጻፈ ነው፤ በ1967 እና በ1973 መካከል። ሐጂ ሙናዊር ያሉት ሰባ ከዚህ ጋር ይስማማል። ስህተት ብዬ የመዘገብኩት ማዕረግ ጊዜውን የሚነግረኝ እሱ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብድ ነበር። በእርግጥ አሮጌ መዝገብ ነበር? ወይስ ዝርዝሩ በ1970 ከአእምሮ የተፈጠረ ነው? የጋሼ ባህረዲን ቅሬታ ትዝ አለኝ። በ1970 ስም የሚፈጥር ሰው የመጀመሪያውን ዳኛ ከላይ ያስቀምጥ ነበር፤ እዚህ ግን ከላይ ያለው፣ የሸረፋ ልጅ እንደነገረኝ፣ አንድ ገመድ ሻጭ ነው። ዝርዝሩ የፊደል ተራ አልጠበቀም፤ የቤት ቁጥርም አልተከተለም። ካርዶቹን በቁጥራቸው ደርድሬ ከተራው ላይኛ ጫፍ ቆምኩ። ጫፉ ላይ ዛሬ ፕላስቲክ ይሸጣል፤ ሽማግሌ ተሸካሚዎች ግን የገመድ ቤት ነበረ አሉኝ። አራተኛው በር የጋሼ ባህረዲን ሱቅ ነው፤ ሐጂ ጠሀ አራተኛ። ዘጠነኛውን በር ሳልፍ ዘጠነኛውን ካርድ ገለበጥኩ፤ ተሸካሚዎቹ የነገሩኝ የዱሮ ባለሱቅ ስም ነበር። አንድ ሰው በ1942 ደብተር ይዞ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ አባል መዝግቧል ማለት ነው፤ ዝርዝሩ የእሱ እርምጃ ነው። በ1970 ግማሾቹ ሱቆች ባለቤት ቀይረዋል። ያንን እርምጃ ማቆየት የሚችለው ከአሮጌ ወረቀት የገለበጠ ሰው ነው።

አሥራ አራተኛው የሸረፋ በር ነው። አሥራ ስድስተኛው፣ የመጋረጃ ዘንግ የሚሸጥበት፣ ከአሥራ ስድስተኛው ካርድ ጋር ይስማማል። በመካከላቸው ኢርፋን የሚባል ወጣት መስታወት የሚቆርጥባት ጠባብ ሱቅ አለች።

«ከአንተ በፊት ምን ይሸጥበት ነበር?» አልኩት።

«እኔ የተከራየሁት በሰማንያ ስምንት ነው። ከዚያ በፊት መጋዘን ነበር፤ በጣም ዱሮ ሸራ ይሸጡበት ነበር አሉ። ምነው፣ ልታስለቅቂኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ደብተር የያዘ ሰው ሳይ እደነግጣለሁ።»

ወደ ራጉኤል በር ወርጄ እትዬ ሠርኬን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው። የአቶ አገኘሁ ሱቅ የት ነበር? «ከሸረፋ ቀጥሎ» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ያገኘሁት ነገር ደስታ አልሰጠኝም። ይህን ካነበብኩ መዝገቡ ፎርጅድ አለመሆኑ ይረጋገጣል፤ በዚያው ንባብ ግን ሐጂ ሙናዊር የአንድ መሥራች ስም እያዩ እንደዘለሉ ይረጋገጣል። እትዬ ሠርኬ ያሉት እውነት ነበር። ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ላነብ፣ ባዶውን መስመር ግን ራሳቸው እንዲናገሩት ለሐጂ ሙናዊር ልተውላቸው ወሰንኩ።

እሁድ የእድሩ ቤት አግዳሚዎች ሞልተው ሰው በጎላ ድስቶቹ ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ነበር። ቀይ የተቀቡት ድስቶች የክርስቲያኑ፣ አረንጓዴዎቹ የእስላሙ ናቸው፤ ሰዉ ግን የተቀመጠው እንዳገኘ ነው። ሐጂ ሙናዊር በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እትዬ ሠርኬ የእድሩ አባል ባይሆኑም መጥተው ከኋላ ቆመዋል።

ያገኘሁትን በየተራው አነበብኩ። ስለ ቀበሌው፣ ስለ ሐጅ ዓመታቱ፣ ስለ ሱቆቹ ቅደም ተከተል። ካርዶቹን እያነሣሁ ስሞቹን ስጠራ አንዳንድ ሽማግሌ፣ «እውነት ነው፣ እዚያ ነበረ» ይል ነበር።

«አሳጥሪው» አሉ ጋሼ ባህረዲን። «ፎርጅድ ነው ወይስ አይደለም?»

«ግልባጭ ነው። ግልባጭ ፎርጅድ የሚሆነው ኦሪጅናል ነኝ ካለ ነው። ይኼ መዝገብ እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ያልነው እኛ ነን። ሰኞ ዕለት ሱቅዎ ውስጥ የተናገርኩት ትክክል ነበር፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው፤ ግማሽ እያወቅኩ መናገር አልነበረብኝም። ሐጂን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አሥራ አምስትንም አንብቢው» አሉ እትዬ ሠርኬ ከኋላ።

«ቁጥሩ ተጽፏል፤ ስም የለበትም። ለምን እንደሆነ ወረቀቱ አይነግረኝም።»

ሐጂ ሙናዊር ተነሡ። ሉብና እጃቸውን ስትይዝ አስለቀቁት።

«በሰባ የካቲት ቀበሌ የእድርተኛውን ስም ከነቤት ቁጥሩ አዲስ መዝገብ ላይ ገልብጣችሁ አምጡ አለን» አሉ። «አገኘሁ ከተወሰደ ወሩ ነው። አሮጌውን መዝገብ ከፊቴ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሸረፋን አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አምስት ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩና እጄ ቆመ። ስሙን ብጽፈው 'የእሱን ስም አቅፈህ ነው የመጣኸው?' ይሉኛል። አምስት ልጆች ነበሩኝ። አልጻፍኩትም። ፈርቼ ነው፤ ያዘዘኝ የለም።»

በጣታቸው መዝገቡን አሳዩ።

«የሚቀጥለውን ሰው አሥራ አምስት ብዬ ብቀጥል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እሱን ደግሞ አልቻልኩም። የሰው ቦታ ነው። ይኼ ባዶ ምንድን ነው ሲሉኝ ቁጥር ተሳስቼ ነው አልኩ። አሮጌውን የዚያን ዕለት ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ አይጥ በላው እላለሁ።»

«ሙናዊር» አሉ እትዬ ሠርኬ።

ሐጂ አላሉም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ዞሮ አያቸው። በዚያ ቤት ውስጥ ሐጂ ሙናዊርን ሲጠሩ ማዕረጉን የሚተው ሰው አልነበረም። እትዬ ሠርኬ ግን የጠሩት ገና ሐጂ ያልሆነውን የ1970ውን ሰው ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ፍርሃቱ ሲያልፍ ኀፍረቱ መጣ። በየዓመቱ ይቀለኛል ስል ይብሳል።»

«ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም።»

«አላልሽም።»

«ጡሩምባው ይነፋልኝ።»

ጋሼ ባህረዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ ሠርኬ፣ ከሀያ ሁለት ዓመት በኋላ…»

«አባል ነው አይደለም?»

የሸረፋ ልጅ ከተቀመጠበት ድስት ላይ ሳይነሣ፣ «ነው እንጂ» አለ። ሌሎችም ነው አሉ። ስለ ጸሐፊው መውረድ ያነሣ ሰው አልነበረም። ጋሼ ባህረዲን ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው መዝገቡ ላይ አኖሩትና መዝገቡን ከነማኅተሙ ወደ ሐጂ ሙናዊር ገፋ አደረጉት።

ሐጂ ሙናዊር መነጽራቸውን አደረጉ። እስክሪብቶውን ባዶው መስመር ላይ አስጠግተው ቆሙና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ልጻፈው ወይስ ሰነድሽን አበላሻለሁ?»

የተማርኩት ሁሉ አትንኩት ይል ነበር። በአንድ የታሪክ ምንጭ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አይጨመርም።

«በሌላ ቀለም ይጻፉት» አልኩ። «ከጎኑ የዛሬን ቀን ያስፍሩ፤ ይፈርሙበት።»

«ለሚመጣው ተመራማሪ?»

«እንደኔ ለቸኮለው።»

ቀይ እስክሪብቶ ተገኘ። «አቶ አገኘሁ» ብለው ጻፉ። ጽሕፈቱ ዛሬም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ከዚያ ወደ እትዬ ሠርኬ ዞረው፣ «የቤትሽ ቁጥር ስንት ነው?» አሏቸው። ነገሯቸው፤ በ1942ቱ ስም ትይዩ የ1992ቱን አድራሻ አሰፈሩ። መቼም የመዝገቡ ሥራ ይኼው ነው፤ ጡሩምባ ነፊው ቤቱን ማግኘት አለበት።

እየወጣን ሳለ ጋሼ ባህረዲን ክንዴን ያዙኝ።

«አባቴ አራተኛ የሆኑት ሱቁ አራተኛ ስለሆነ ነው አልሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ይሁን። አራተኛ ይቀረጹ።»

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሱቆች ሲከፈቱ፣ ሰሌን ተራ ላይ ደረስኩ። ኃይለየሱስ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ ከእትዬ ሠርኬ ጋር ይከራከር ነበር።

«ቀብሩ የት፣ በስንት ሰዓት ብዬ ነው የምጠራው? ያንን ሳልል ጠርቼ አላውቅም።»

«ቀብር አትበል። ስሙንና ቤቱን ጥራ።»

ከተራው ላይኛ ጫፍ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ «አቶ አገኘሁ፣ የሸራ ነጋዴው» ይላል፤ የእትዬ ሠርኬን ሰፈር ይናገራል፤ ያልፋል። እትዬ ሠርኬ ጥቁር ለብሰው ከኋላው ይከተላሉ፤ ከእሳቸው ኋላ እኔ። ወጣቶቹ ነጋዴዎች እርስ በርስ «ማን ነው?» ይባባላሉ። የተራው ነጋዴ ሲሞት ሱቅ በግማሽ ነው የሚዘጋው፤ ሽማግሌዎቹ ሳይጠይቁ የብረት በራቸውን እስከ ወገብ አወረዱ፤ ወጣቶቹም እነሱን አይተው አወረዱ።

ኃይለየሱስ የሞተው ሰው ደጃፍ ሲደርስ ቆሞ ሦስት ጊዜ መንፋት ልማዱ ነው። ከሸረፋ ሱቅ ቀጥሎ ቆመና ነፋ። ኢርፋን የመስታወት መቁረጫውን እንደያዘ ወጣ። ከጡሩምባው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ደብተሬ አየ።

«እኔ ደህና ነኝ እኮ» አለ።

«አንተን አይደለም» አለው ኃይለየሱስ። «ከአንተ በፊት የነበሩትን ነው።»

«መቼ ነው የሞቱት?»

ኃይለየሱስ ወደ እኔ ዞረ። ቀኑን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ለዚህ ጥያቄ የከፈትኩት ካርድ እስካሁን ባዶ ነው።

«በሰባ» አሉ እትዬ ሠርኬ። «መርዶው ዛሬ ነው።»

ኢርፋን መቁረጫውን ኪሱ ከተተና የብረት በሩን እስከ ወገቡ አወረደ።